በድዋርፍ ፎርትረስ እርሻና ዘር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድዋርፍ ፎርትረስ ድዋርፍ የሚባሉ ድንክ ሰዎች ምድር ቆፍረው የሚኖሩበትን ምሽግ የምታስተዳድሩበት የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ምሽጋችሁ ውስጥ ዘር እያለቀ ካስቸገራችሁ፣ መልሱ ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም።

ዘር ከየት ነው የሚመጣው?

ብዙ ሰው ዘር ከማሳ የሚሰበሰብ ይመስለዋል። ከማሳ የሚሰበሰበው ተክሉ ብቻ ነው። ዘሩ ገና ውስጡ ነው። የሚወጣው ተክሉ ጥሬውን ሲበላ፣ ሲጠመቅ፣ ሲፈጭ ወይም ክር ሲወጣለት ነው። አንድ ተክል አንድ ዘር ይመልሳል። የዘራችሁትን አንዷን ዘር አስመልሳችሁ፣ በላዩ ላይ ምግብ ወይም መጠጥ አገኛችሁ ማለት ነው።

ተክሉ በቀጥታ ወጥ ቤት ገብቶ ከተቀቀለ ግን ዘሩም አብሮ ይጠፋል። ይህችን አንዲት ሕግ ያዙልኝ። ከታች የማወራው አብዛኛው ነገር ከእሷ ነው የሚመጣው።

ስጀምር ስንት ዘር ይዤ ልውጣ?

ጉዞው የሚጀመረው በ7 ድዋርፎች ነው። ከመነሳታችሁ በፊት በተሰጣችሁ ነጥብ ዕቃ ትገዛላችሁ። አንድ ዘር 1 ነጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ አትሰስቱ።

እኔ ፕለምፕ ሄልሜት ከሚባለው እንጉዳይ 25 ዘር እይዛለሁ። ከሌሎቹ የጨዋታው ሰብሎች፣ ማለትም ከፒግ ቴል፣ ከኬቭ ዊት፣ ከስዊት ፖድና ከኳሪ ቡሽ ደግሞ ለየራሳቸው 10፣ 10። በጠቅላላ 65 ነጥብ መሆኑ ነው። ከሰባቱ አንዱ የመዝራት ችሎታ ያለው ይሁን። የሰለጠነ ዘሪ ከአንድ ዘር የሚያወጣው ተክል ቁጥሩ ይበልጣል፤ ጀማሪ ግን አንድ ወይም ሁለት ቢያገኝ ነው። ዱር ገብቶ ተክል መልቀም የሚችል ሌላ ሰው ብትጨምሩ ደግሞ ኋላ ታመሰግኑኛላችሁ።

ዘር አለኝ፣ መሬቱ ግን እርሻ አልቀበል አለኝ። ለምን?

የቆፈራችሁት አለት ስለሆነ ነው። እርሻ አፈር ወይም ጭቃ ይፈልጋል። ከመሬት ወለል ብዙ ሳትርቁ ያለውን የመጀመሪያ ንብርብር ቆፍሩ። አሸዋ፣ ሸክላ አፈር ወይም ለም አፈር ካገኛችሁ ውሃ እንኳ አያስፈልጋችሁም። እዚያው መደቡን ሥሩና ዝሩ።

ቦታው አለት ብቻ ከሆነ፣ ክፍሉን አንድ ጊዜ ውሃ አስገብታችሁ አድርቁት። ወለሉ ላይ የሚቀረው ጭቃ ይበቃል። ሲዘራበት ስለማያልቅ በየዓመቱ ማጠጣት የለም። ውሃውን የምትለቁበትን በር መዝጊያውን ሳታዘጋጁ ግን እንዳትከፍቱ። ምሽጉን ጎርፍ የበላበት ሰው ብዙ ነው።

የምድር ውስጥና የምድር ላይ ሰብል ልዩነቱ ምንድን ነው?

ፕለምፕ ሄልሜትን ጨምሮ ስድስቱ የድዋርፍ ሰብሎች የሚበቅሉት ከምድር በታች ብቻ ነው። ብርሃን አይፈልጉም። እንጆሪና ሮፕ ሪድን የመሳሰሉት ደግሞ የምድር ላይ ናቸው፤ ሰማይ ያየ መሬት ይፈልጋሉ።

እዚህ ላይ አንድ የምወዳት ብልሃት አለች። አንድ ቦታ አንዴ ለሰማይ ከተከፈተ፣ ኋላ ጣሪያ ብትሠሩበትም ጨዋታው እንደ ምድር ላይ መሬት ይቆጥረዋል። ስለዚህ ከላይ ቆፍራችሁ ክፈቱት፣ ከዚያ በወለል ድፈኑት። ጠላት የማይደርስበት የእንጆሪ ማሳ አገኛችሁ።

ሁሉም ሰው ፕለምፕ ሄልሜት ዝሩ ይላል። እሱ ብቻ አይበቃም?

ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። ዓመቱን ሙሉ ይበቅላል፣ ጥሬውን ይበላል፣ ወይንም ይጠመቃል። ከስድስቱ የምድር ውስጥ ሰብሎች ጥሬውን የሚበላው እሱ ብቻ ነው። ሌላ ዘር ባይኖራችሁ እንኳ እሱን ይዛችሁ አትሞቱም።

ችግሩ ድዋርፎች ይሰለቻሉ። ሁልጊዜ ያንኑ መጠጥ የሚጠጣ ድዋርፍ ማማረር ይጀምራል፤ ምሬት የሰፈነበት ምሽግ ደግሞ መጨረሻው ጠብ ነው። ስለዚህ ከፒግ ቴል፣ ከኬቭ ዊትና ከስዊት ፖድ አንድ አንድ ትንሽ መደብ ጨምሩ። ሦስቱም ይጠመቃሉ። ፒግ ቴል ለልብስ ክር ይሆናል፣ ኬቭ ዊት ዱቄት፣ ስዊት ፖድ ስኳር ወይም ሽሮፕ። በየትኛውም መንገድ ዘራቸው ይመለሳል። ስድስተኛው፣ ዲምፕል ካፕ የሚባለው፣ አይበላም፤ ተፈጭቶ የልብስ ቀለም ነው የሚሆነው። ለእሱ አትቸኩሉ።

ስንት መደብ ልሥራ?

እስቲ እናስላው። አንድ ድዋርፍ በዓመት 8 ጊዜ ገደማ ይበላል፣ 16 ጊዜ ገደማ ይጠጣል። አንድ ተክል ሲጠመቅ 5 መጠጥ ይወጣዋል። ስለዚህ 7 ድዋርፎች በዓመት 112 መጠጥ ይጠጣሉ፤ ይህ 23 ተክል ገደማ ነው። ለምግብ ደግሞ 56። ሲደመር 80 ተክል አይሞላም።

ፕለምፕ ሄልሜት በ25 ቀን ገደማ ይደርሳል። የጨዋታው ዓመት 336 ቀን ነው። መዝራትና መሰብሰብ የሚወስደውን ጊዜ ቀንሳችሁ፣ አንድ ካሬ በዓመት ዘጠኝ አሥር ጊዜ ያፈራል ብላችሁ ያዙ። ሦስት በሦስት የሆነ አንድ መደብ ሰባቱን ሰዎች ያኖራል ማለት ነው። እኔ ለመተማመኛ ሁለት እሠራለሁ።

ሕዝቡ 100 ሲደርስ ለመጠጥ 320 ተክል፣ ለምግብ 800 ይሆናል። እሱም ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል ከሌላችሁ ነው። ዘሪዎቹ እስከዚያ ስለሚሰለጥኑ ማሳው የዚያን ያህል መስፋት የለበትም። ብዙ ተጫዋች ሃያ በሃያ ማሳ ያንጣልላል። ያ ስህተት ነው። ያልተሰበሰበ ሰብል ማሳው ላይ ይጠወልጋል፤ ከነዘሩ ሄደ። የተሰበሰበውም ተሸካሚ ያጣል። ዘራችሁ የሚያልቀው በማነሱ ብቻ ሳይሆን ከአቅም በላይ በመዝራትም ነው።

በየወቅቱ ምን ልዝራ?

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። የጨዋታውን ዊንተር "ክረምት" ብሎ መተርጎም ያሳስታል። የእኛ ክረምት ዝናብና የእርሻ ጊዜ ነው። የእነሱ ዊንተር ወንዙ በረዶ የሚሆንበት ነው። ስለዚህ ስማቸውን እንዳለ እጽፋለሁ፤ በቅደም ተከተል ስፕሪንግ፣ ሰመር፣ ኦተም፣ ዊንተር።

ጨዋታው የሚጀምረው በስፕሪንግ ነው። አንድ መደብ ላይ ለአራቱም ወቅት ለየብቻ ሰብል ትመርጣላችሁ። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ ለስፕሪንግ ብቻ መርጦ ሰመር ሲገባ መሬቱ ጦም ያድራል። ስዊት ፖድ የስፕሪንግና የሰመር ነው። ፒግ ቴልና ኬቭ ዊት የሰመርና የኦተም ናቸው። ኳሪ ቡሽ ከዊንተር በቀር ሦስቱንም ይሆናል። በዊንተር ከምድር በታች የሚበቅሉት ፕለምፕ ሄልሜትና ዲምፕል ካፕ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ስዊት ፖድ ያለበትን መደብ ኦተም ላይ ኳሪ ቡሽ፣ ዊንተር ላይ ፕለምፕ ሄልሜት አድርጉት።

ጎተራው ምግብ ሞልቶ ዘር ግን ዜሮ ሆነ። የት ገባ?

ወጥ ቤት። ሌላ ቦታ አትፈልጉ።

ይህ በእኔ ላይ ደርሷል። ሁለተኛው ምሽጌ ነበር። 60 ያህል ሰው ነበረኝ። ሁለት ጎበዝ ምግብ አብሳዮች ቀን ከሌት ያበስላሉ። የምግቡ ቁጥር ሲጨምር እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር። ዊንተር መጨረሻ ላይ መጠጥ አለቀ። ልጠምቅ ብል ተክል የለም። ልዝራ ብል ዘር የለም። ወንዙ ደግሞ በረዶ ነው። በሺህ የሚቆጠር የበሰለ ምግብ እያለ ሰዎቼ በውሃ ጥም ረገፉ። ያኔ ነው የገባኝ፦ አብሳዮቹ ያበስሉ የነበረው የሚቀጥለውን ዓመት ነው። ገበሬ በክፉ ቀን እንኳ የዘር እህሉን ለመንካት የሚሳሳበት ምክንያት አለው። የማጀቱ እህልና የዘሩ እህል ለየብቻ የሚቀመጠውም ለዚሁ ነው።

መፍትሔው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሌበር የሚለውን ገጽ ክፈቱና ኪችን ወደሚለው ግቡ። ዝርዝሩ ላይ ከየዕቃው ጎን ማብሰልና መጥመቅ የሚሉ ሁለት ምልክቶች አሉ። ለፕለምፕ ሄልሜት ማብሰልን አጥፉ። ለሁሉም ዓይነት ዘር ማብሰልን አጥፉ፤ አዎ፣ ዘሩ ራሱም ይበስላል። መጠጡንም ለጊዜው አጥፉት፣ እሱም ወጥ ውስጥ ይገባል። ዝርዝሩ ላይ የሚታየው በእጃችሁ ያለው ዕቃ ስለሆነ፣ ከነጋዴ አዲስ ነገር በገዛችሁ ቁጥር ተመልሳችሁ እዩት።

ታዲያ ምን ይብሰል?

መጀመሪያ በሌላ ሙያ ያለፈና ዘሩን የመለሰ ነገር ይብሰል። ኬቭ ዊትን ፍጩት፣ ዘሩ ወጣ፤ ዱቄቱን አብስሉ። ስዊት ፖድን ወደ ሽሮፕ ወይም ስኳር ለውጡ፣ ዘሩ ወጣ፤ ሽሮፑን አብስሉ። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና አይብ ዘር ስለሌላቸው እንደልብ ናቸው።

ከሁሉ የምወደው ኳሪ ቡሽ ነው። ጥሬውን አይበላም። የገበሬ ዎርክሾፕ ውስጥ ባዶ ከረጢት ይዞ የሚሠራ ሰው ከአንዱ ቁጥቋጦ 5 ቅጠልና 1 ዘር ያወጣል። አንዱ ተክል አምስት ምግብ ሆነ፣ ዘሩም ተመለሰ። የሚያንቀው የከረጢት ማነስ ነው። ፒግ ቴሉን ክር አድርጉ፣ ጨርቅ አሠሩ፣ ከረጢት ስፉ። እርሻው ራሱ ለራሱ ከረጢት ሲሠራ ማየት በጣም ደስ ይላል።

የኳሪ ቡሽ ዘር ሮክ ነት ይባላል። ተፈጭቶና ተጨምቆ ዘይት ይሆናል፣ ከዘይቱ ሳሙና ይሠራል። ሳሙና ቁስለኛን ያድናል፣ ይጠቅማል። ግን እዚህ የሚፈጨው ዘሩ ራሱ ስለሆነ አይመለስም። መቶ ያህል ሳይጠራቀም ትዕዛዙን አትስጡ። ስትሰጡም ቁጥር ገድባችሁ ስጡ፤ "ሁልጊዜ ድገም" የሚለውን እዚህ አትንኩት።

ማከማቻው ላይ ዘር አለ፣ ዘሪው ግን "ዘር የለም" ብሎ ሥራ ይተዋል። ምን ጉድ ነው?

ዘር በከረጢት ይቀመጣል። አንድ ከረጢት እስከ 100 ዘር ይይዛል። ከረጢቶቹ ደግሞ በርሜል ውስጥ ይገባሉ። አንድ ሰው አዲስ ዘር ሊጨምር ብሎ በርሜሉን ሲያነሳ፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ዘር ለዘሪዎቹ የሌለ ያህል ይሆናል። አምስት ዘሪ ቆሞ አንድ በርሜል ይጠብቃል።

ለዘር ብቻ የሚሆን ማከማቻ ሥሩ። ማሳው አጠገብ ይሁን። የበርሜሉን ቁጥር ዜሮ አድርጉት። ከረጢቶቹ መሬት ላይ ይቀመጣሉ፣ ሁሉም ይደርስባቸዋል። ከሌሎቹ የምግብ ማከማቻዎች ላይ ደግሞ ዘርን አውጡ፣ አለዚያ ተመልሶ ወደዚያው ይሄዳል።

ጥሬ የተበላ ፕለምፕ ሄልሜት ዘሩ እዚያው የተበላበት ቦታ እንደሚወድቅም አትርሱ። ተሸካሚዎቻችሁ ሁሉ ድንጋይ ላይ ከዋሉ ዘሩ መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ተረስቶ ይቀራል።

ማዳበሪያ ያስፈልጋል?

የግድ አይደለም። ከእንጨት አመድ፣ ከአመድ ፖታሽ ይሠራል። ፖታሽ የተሰጠው መደብ ከአንድ ዘር ብዙ ተክል ይሰጣል፤ በየወቅቱ ግን መደገም አለበት። ዛፍ በሞላበት አገር ከሆናችሁ ሞክሩት። እንጨት ብርቅ በሆነበት ቦታ ግን እንጨቱን ለአልጋና ለበርሜል አስቀሩና ዘሪ አሰልጥኑ። እኔ የሰለጠነ ዘሪን አስበልጣለሁ፤ አንዴ ከሰለጠነ ወጪ የለውም።

ለማሰልጠን ደግሞ መዝራትን ለሁለት ወይም ለሦስት ሰው ብቻ ስጡ። መሰብሰቡን ሁሉም ያግዝ። "ሁሉም ይሰብስብ" ወይም "ገበሬ ብቻ ይሰብስብ" የሚለው ምርጫ ሌበር ገጽ ላይ፣ ቋሚ ትዕዛዞች ውስጥ አለ።

ዘሬ 200 አካባቢ ደርሶ መጨመር አቆመ። ብልሽት ነው?

አይደለም። ጨዋታው ለአንድ ዓይነት ዘር 200 ላይ ገደብ አለው። ከዚያ በላይ ብትጠምቁም ዘር አይጨመርላችሁም።

እዚህ ከደረሳችሁ ግን ሕጉ ይላላል። ዘሩ ሊመለስ ስለማይችል፣ ፕለምፕ ሄልሜቱን ብታበስሉት የምታጡት የለም። ወጥ ቤቱን ክፈቱላቸው። ወደ 100 ሲወርድ መልሳችሁ ዝጉ። መጠጥም ከተረፋችሁ ማብሰያ ውስጥ ጨምሩት። አንድ ተክል 5 መጠጥ ሆኖ፣ መጠጡ ደግሞ ምግብ ሲሆን ትርፉን አስቡት። ፈሳሽ ብቻውን ግን አይበስልም፤ ቢያንስ አንድ ደረቅ ነገር አብሮት ያስፈልጋል። መጠጡን ሁሉ እንዳያሟጥጡት ቁጥሩን በዓይናችሁ ተከታተሉ። አልኮል ያጣ ድዋርፍ ሥራው ይጓተታል።

ዘር ሙሉ በሙሉ አልቋል። ምሽጉን ልተወው?

በፍጹም። መጀመሪያ ወጥ ቤቱን ዝጉ። ከዚያ ማከማቻውን ፈትሹ። አንድ ፕለምፕ ሄልሜት እንኳ ከተረፈ ጠምቁት፣ ያችን አንዷን ዘር ዝሩ። ከአንድ ዘር የተነሳ ምሽግ አይቻለሁ። ዓመት ፈጀበት እንጂ ተነስቷል።

ምንም ካልተረፈ፣ ሰው ወደ ምድር ላይ ልካችሁ የዱር ተክል አስለቅሙ። ቤሪው ይበላል፣ ይጠመቃል፣ ዘሩም ምድር ላይ ይዘራል። ሲራራ ነጋዴዎችንም ጠብቁ። በስፕሪንግ ኤልፎች የሚባሉት የጫካ ሕዝቦች፣ በሰመር የሰው ልጆች፣ በኦተም የራሳችሁ አገር ድዋርፎች ይመጣሉ። ኤልፎች የምድር ላይ ዘር ይዘው ይመጣሉ፤ ለእነሱ ግን ከእንጨት የተሠራ ነገር እንዳታቀርቡ፣ ተቆጥተው ይሄዳሉ። ከድዋርፎቹ ጋር የሚመጣው መልእክተኛ በሚቀጥለው ዓመት ምን ይምጣላችሁ ብሎ ይጠይቃል። ዘሮቹን ከዝርዝሩ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ምረጡ። ዋጋቸው ይጨምራል፣ ግን ይመጣሉ።

እስከዚያ መቆየት ካልቻላችሁ አንድ መንገድ ይቀራል፤ የምድር ውስጥ ዋሻ። ቆፍራችሁ ዋሻውን ስታገኙት ፕለምፕ ሄልሜት በዱር በቅሎ ታገኛላችሁ። አደጋ አለው። እዚያ የሚኖሩት ግዙፍ ሸረሪቶች ቀልድ አያውቁም። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ከላይ አፈር ባለበት ንብርብር ሰፊ ባዶ ክፍል አስቀድማችሁ ቆፍሩ። ከዚያ ዋሻውን በትንሽ ቀዳዳ ክፈቱትና ወዲያው በግንብ ድፈኑት። ዋሻው አንዴ ከታየ የምድር ውስጥ እፅዋት በራሳችሁ አፈር ክፍል ውስጥ መብቀል ይጀምራሉ። ለቃሚውን ወደ ክፍሉ ላኩት። የለቀመውን መጀመሪያ ወደ መጥመቂያው ውሰዱት።